ከቅማል እስከ ቢሊዮን ዶላር፦ አዲስ አበባ ላይ የተፈተነው የሰውነት ኡኡታ

በኮቪድ ጊዜ «ሳይቶካይን ስቶርም» የሚለው ቃል ከቴሌቪዥን ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይወራ ነበር። ታማሚውን የሚጥለው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፣ የገዛ ሰውነቱ የሚያሰማው ልኩን ያለፈ ኡኡታም ነው ተባለ። ብዙዎቻችን እንደ አዲስ ግኝት ሰማነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እንደ ባለሙያ ተከራከርንበት።

ነገሩ ግን አዲስ አልነበረም። ይህ ኡኡታ ሰውን እንደሚያንቀጠቅጥና እንደሚጥል፣ ቀድሞ ማፈን ከተቻለ ደግሞ ታማሚው ከዚያ መከራ ሊተርፍ እንደሚችል በሰው ላይ በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ውጤቱ በ1996 በዓለም ታዋቂ ከሆኑት የሕክምና መጽሔቶች አንዱ በሆነው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ታማሚዎቹ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። በደራሲዎቹ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ስም የአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነው፤ ዳንኤል ፈቃደ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ከሕክምናው ሰፈር ውጭ ስንት እንደሆነ እንጃ። እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ታሪኩ ለሐኪሞች ብቻ መተው ያለበት አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ እንበል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ግርሻ ትኩሳት ይባላል። ስሙ ባሕሪውን ይናገራል፦ ሰውየው ለቀናት በትኩሳት ይነዳል፣ ከዚያ ትኩሳቱ ለቀቅ ያደርገውና «ተሻለኝ» ይላል፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ያገረሽበታል። አምጪው ተህዋስ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ተጠማዘዘ ቀጭን ክር ያለ ባክቴሪያ ነው። በ1868 በርሊን ውስጥ ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ወጣት ሐኪም በታማሚ ደም ውስጥ ሲርመሰመስ አየው። ያየውን ያሳተመው ግን በ1873 ነው፤ በዚያው ዓመት እሱ ራሱ በኮሌራ ሞተ።

ተህዋሱን ከሰው ወደ ሰው የሚያዞረው የልብስ ቅማል ነው። የሚያስገርመው፣ በሽታው የሚተላለፈው በንክሻው አይደለም። ሰው ሲያከክ ቅማሉን ይጨፈልቀዋል፣ ከውስጡ የወጣው ፈሳሽ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ በሽታው የሚወደው ልብስ የማይቀየርበትን፣ ውኃ የሌለበትን፣ ሰው ተፋፍጎ የሚተኛበትን ቦታ ነው፦ የጦር ካምፕ፣ እስር ቤት፣ የስደተኛ መጠለያ። ከሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ማግስት አውሮፓንና ሰሜን አፍሪካን ያጥለቀለቀው ለዚህ ነው። ከዚያ ሳሙናውም፣ ልብሱም፣ ዲዲቲውም ሲመጣ ከአብዛኛው ዓለም ጠፋ። ካልጠፋባቸው ጥቂት ቦታዎች ዋናው የኛ አገር ነው። ክረምት ሲገባ፣ ድሃው ለብርድ ያለውን ሁሉ ደራርቦ ተጠጋግቶ ሲተኛ፣ ታማሚው ይበዛል።

ካልታከመ ከመቶ ታማሚ ከ10 እስከ 40 ሊገድል ይችላል። ከታከመ ግን የሚሞተው ከ5 በታች ይሆናል። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፤ አንድ መርፌ ፔኒሲሊን ወይም ጥቂት ቴትራሳይክሊን ይበቃል። ታዲያ ታሪኩ እዚህ ማለቅ አልነበረበትም?

አላለቀም። ምክንያቱም ፔኒሲሊኑ ከተወጋ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር ይከሰታል። ታማሚው በድንገት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አልጋው እስኪንገጫገጭ ድረስ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ወደ 41፣ 42 ይወጣል። ልቡ ይጋልባል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ አንዳንዱ ይቃዣል። ከዚያ መንቀጥቀጡ ያበቃና ላብ ያጠምቀዋል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ብዙው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይረጋጋል። በዚያ የግፊት መውረድ ሄዶ የሚቀርም አለ። እናንተ አልጋው አጠገብ የቆማችሁ ቤተሰብ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? በእግሩ መጥቶ መርፌ ተወጋ፣ በሁለት ሰዓቱ አጣጣረ። «መርፌው ገደለው» ነው የምትሉት።

ይህ ነገር ስም ያገኘው ከቅማል ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው በሽታ ነው፤ በቂጥኝ። በ1895 አዶልፍ ያሪሽ፣ በ1902 ደግሞ ፍራንክፈርት ውስጥ ካርል ሄርክስሃይመር፣ የቂጥኝ ታማሚ በሜርኩሪ ሲታከም ሽፍታው ለጊዜው እንደሚብስበት ጻፉ። የቂጥኝ ተህዋስም ከግርሻው ጋር የሚዛመድ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ ነው። ክስተቱ ያሪሽ–ሄርክስሃይመር ተባለ። (ሄርክስሃይመር አይሁዳዊ ነበር፤ በ1942፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ ናዚዎች ወደ ተሬዚየንሽታት ካምፕ አጋዙት፤ እዚያው ሞተ። የሕክምና ተማሪ ሁሉ ስሙን ይሸመድዳል፣ አሟሟቱን ግን ማንም አያስተምርም።)

ለብዙ ዓመታት የተሰጠው ማብራሪያ ቀላል ነበር፦ ተህዋሱ ሲሞት ከውስጡ መርዝ ይወጣል፣ ታማሚውን የሚያንቀጠቅጠው ያ መርዝ ነው። ማለትም ጥፋተኛው አሁንም ጠላት ነው። ሰውነት ተጠቂ እንጂ ተዋናይ አይደለም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የነበሩ ሐኪሞች ነገሩን በቅርብ መከታተል ጀመሩ። ኤልድሪድ ፓሪ፣ አንቶኒ ብራይሰን፣ ፒተር ፔሪን፣ ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረው ዴቪድ ዋረል። በ1970 የ62 ኢትዮጵያውያን ታማሚዎችን ዝርዝር ጥናት አሳተሙ። ልብ በደቂቃ ስንት ደም እንደሚረጭ፣ ሳንባ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚያሳልፍ፣ ግፊቱ በየትኛው ደቂቃ እንደሚወርድ፣ ሁሉንም እየለኩ። ስለዚህ በሽታ የሚጻፍ ማንኛውም የሕክምና መጽሐፍ ዛሬም ወደዚያ ሥራ ይመለሳል። ሆኖም ምላሹን የሚያስቀር ነገር አልተገኘም። እብጠትንና ቁጣን ያበርዳሉ የሚባሉት ስቴሮይዶች ተሞከሩ፤ መንቀጥቀጡን አላስቀሩትም። ፔኒሲሊኑን በዝግታ በሚለቀቅ ዓይነት መስጠት ምላሹን ያለዝበዋል፣ ግን በሽታው የሚያገረሽበት ሰው ይበዛል። ሐኪሙ ከሁለት መጥፎ ነገሮች አንዱን ሲመርጥ ኖረ።

መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ሕዋሳት እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ ከማጥናት።

የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት እንደ ወታደር ናቸው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። የማይነገረን ግን ወታደሩ ትእዛዝ እንዴት እንደሚደርሰው ነው። በደም ውስጥ አዛዥ የለም። አንዱ ሕዋስ ሌላውን የሚቀሰቅሰው ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ወደ አካባቢው በመልቀቅ ነው። ፕሮቲኑ ሄዶ በሌላው ሕዋስ ገጽ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጥማል፤ ከዚያ ተቀባዩ ሕዋስ ባሕሪውን ይቀይራል። ከእነዚህ መልእክቶች የመጀመሪያው በግልጽ የተለየው በ1957 ለንደን ውስጥ ነው። አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን በቫይረስ የተነካ ሕዋስ ጎረቤቶቹን የሚያስጠነቅቅበትን ነገር አግኝተው ኢንተርፌሮን አሉት። ዛሬ የዚህ ዓይነት መልእክቶች በጅምላ ሳይቶካይን ይባላሉ፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው።

ለታሪካችን ዋናው ግን ቲኤንኤፍ የሚባለው ነው። ይህኛው ጉደኛ አመጣጥ አለው። በ1891 የኒውዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ኮሊ ካንሰር ያለበትን ሰው ሆን ብሎ በባክቴሪያ መበከል ጀመረ፤ ከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን የያዛቸው አንዳንድ ሰዎች ዕጢያቸው ሲሟሽሽ ታይቶ ነበርና። አንዳንዴ ሠራለት፣ አንዳንዴ አልሠራም፣ የሞቱበትም አሉ። ለምን እንደሠራ ግን አላወቀም። በ1975 በዚያው ከተማ ሎይድ ኦልድና ባልደረቦቹ መልሱን አገኙ። ዕጢውን የሚያጠፋው ባክቴሪያው አይደለም። ባክቴሪያው ሲገባ የእንስሳው የራሱ ሕዋሳት የሚለቁት ነገር ነው። ስሙንም ዕጢ አጥፊ እንደማለት ቲኤንኤፍ አሉት።

በሌላ በኩል፣ እዚያው ኒውዮርክ፣ አንቶኒ ሴራሚ የተባለ ተመራማሪ ስለ ከብት በሽታ እያሰበ ነበር። ገንዲ የያዘው ከብት ምን እንደሚመስል ገበሬ ወገኖቻችን ያውቁታል፤ እየበላ ይከሳል፣ አጥንቱ ይቆጠራል። ሴራሚ በገንዲ ተህዋስ የተያዙ ጥንቸሎችን ሲያጠና የሚያከሳቸው ተህዋሱ በቀጥታ እንዳልሆነ ጠረጠረ። የእንስሳው ሕዋሳት የሚለቁት አንድ ፕሮቲን ነው ብሎ ለብቻው አጣርቶ አወጣው፣ ሌላ ስምም ሰጠው። በ1985 ሁለቱ ነገሮች አንድ ሆነው ተገኙ። ዕጢ የሚያጠፋውና ከብት የሚያከሳው ያው አንድ ቲኤንኤፍ ነው።

ከዚያ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በዚያው ዓመት ብሩስ ቦይትለርና ሴራሚ ቲኤንኤፍን የሚያፍን አንቲቦዲ ቀድመው የተሰጣቸው አይጦች ገዳይ የባክቴሪያ መርዝ ቢወጉም ብዙዎቹ እንደሚተርፉ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ኬቪን ትሬሲ ተቃራኒውን አደረገ። ባክቴሪያም፣ የባክቴሪያ መርዝም ሳይጨምር ቲኤንኤፉን ብቻ ለአይጦች ሰጠ። ግፊታቸው ወረደ፣ ሞቱ። ልብ በሉ፤ እዚህ ጠላት የሚባል የለም። መልእክቱ ብቻውን ገደለ።

ለምን? ኡኡታ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ነው። አንድ ጎጆ ላይ ሌባ ሲገባ ባለቤቱ ኡኡ ይላል፣ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ ሌባው ይያዛል። ጣታችሁን እሾህ ሲወጋችሁ የሚሆነው ይኸው ነው። ማክሮፌጅ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ባዕድ ነገር ሲነካ ቲኤንኤፍ ይለቃል፤ በአካባቢው ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይላላል፣ የውስጥ ገጻቸው የሚያልፉ ነጭ ሕዋሳትን ይዞ ያስቀራል። ኢንተርሉኪን 8 የሚባለው ሌላ መልእክት ተጨማሪ ተዋጊ ይጠራል። ኢንተርሉኪን 6 ደግሞ ጉበትንና አንጎልን ይነግራል፤ አንጎል ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል። ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፣ በሁለት ቀን ይድናል። ይህ ጤና ነው። አሁን ግን አገር በሞላ በአንድ ደቂቃ ኡኡ ቢል አስቡት። የደም ሥር ሁሉ በአንዴ ይሰፋል፣ ሁሉም ይላላል፣ ፈሳሹ ወደ ውጭ ይፈሳል። ግፊቱን የሚይዝ ነገር አይቀርም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ።

የግርሻ ታማሚ ደሙ በተህዋስ የተሞላ ነው። ፔኒሲሊን ሲገባ ያ ሁሉ ተህዋስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ይጠረጋል፤ ማለትም የትየለሌ ማክሮፌጆች በአንድ ጊዜ ይነካሉ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ያ መንቀጥቀጥ የተህዋሱ መርዝ ነው ወይስ የኛው ኡኡታ? በ1992 የታተመ፣ ኢትዮጵያውያን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ጥናት፣ ምላሹ በሚነሳበት ሰዓት በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6ና 8 በብዙ እጥፍ እንደሚያሻቅቡ ለካ።

ይህ ግን ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። እሳት ባለበት ቦታ ሁሉ የእሳት አደጋ መኪና ይታያል፤ እሳቱን የለኮሰው ግን መኪናው አይደለም። ለመፍረድ መልእክቱን ቀድሞ ማስቀረትና የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ፣ ከእነሱም ጋር ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት እዚሁ የሠራው ዴቪድ ዋረል፣ ያደረጉት ይህንን ነው። ቲኤንኤፍን የሚይዝ አንቲቦዲ በበጎች ሰውነት ውስጥ እንዲመረት ተደርጎ ከደማቸው ተጣርቶ መጣ። 49 ታማሚዎች በዕጣ ተከፈሉ። 20ዎቹ ፔኒሲሊን ከመወጋታቸው በፊት አንቲቦዲውን ወሰዱ፣ 29ኙ ምንም የሌለበትን ፈሳሽ ወሰዱ። ሁሉም ፔኒሲሊን አግኝተዋል። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቅም።

ውጤቱ፦ አንቲቦዲ ካልወሰዱት 29 ሰዎች 26ቱ ተንቀጠቀጡ። ከወሰዱት 20 ሰዎች 10ሩ ብቻ። በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን 6ና 8 ጭምር ቀንሰው ተገኙ፤ የመጀመሪያው ጩኸት ሲታፈን ተከታዮቹም ዝቅ አሉ ማለት ነው። መቶ ዓመት የቆየው «የተህዋሱ መርዝ» ማብራሪያ ግማሽ እውነት ብቻ እንደነበር በሰው ላይ ታየ። ተህዋሱ ቀስቃሽ ነው። የሚያንቀጠቅጠው የኛው መልእክት ነው፤ ያውም ጠላቱ እየሞተ ባለበት ሰዓት የሚሰማ፣ እሪ በከንቱ።

ቀስቃሹ ራሱ በ1998 ታወቀ። በተህዋሱ ገጽ ላይ ያለ ስብ የተያያዘበት ፕሮቲን ነው። ተህዋሱ ይህን ፕሮቲን ልክ እንደ ካባ እየቀያየረ ነው ከመከላከያ የሚያመልጠው፤ ትኩሳቱ የሚያገረሸውም ለዚህ ነው። ማምለጫው ካባ ራሱ የኡኡታው መነሻ ሆኖ ተገኘ። ከአዲስ አበባ ታማሚዎች የተገኘው ተህዋስ ባይኖር ይህ ሥራ አይሠራም ነበር።

ሁሉም ግን አልተሳካም። ሰውነት ኡኡታ ብቻ ሳይሆን «በቃ፣ ተመለሱ» የሚል መልእክትም አለው፤ ኢንተርሉኪን 10 ይባላል። ይህን አብራጅ መልእክት ራሱን እንደ መድኃኒት ለግርሻ ታማሚዎች ብንሰጥስ ተባለና ተሞከረ። በ2000 የታተመው ውጤት አጭር ነው፤ ምንም አልለወጠም። ቲኤንኤፉም ወጣ፣ ታማሚውም ተንቀጠቀጠ። ለኔ ይህ የከሸፈ ሙከራ ከተሳካው ባልተናነሰ ያስተምራል። ነጋሪቱ አንዴ ከተመታ በኋላ «ሰላም ነው» ብሎ መጮህና ነጋሪት መቺውን እጁን ቀድሞ መያዝ አንድ አይደሉም። በአንቲቦዲው እንኳ ግማሾቹ መንቀጥቀጣቸውን አትርሱ። መልእክተኛው አንድ ብቻ አይደለም።

አሁን የሚነሳው ጥያቄ «ለምን አዲስ አበባ?» ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ። በ1990ዎቹ ትላልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ቲኤንኤፍን ማፈን በደም መመረዝ የሚሞቱ ሰዎችን ያድናል ብለው በአሜሪካና በአውሮፓ ሆስፒታሎች ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ሞክረዋል። አልሆነላቸውም። አንዱ ትልቅ ምክንያት ሰዓት ነው። ደሙ የተመረዘ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ኡኡታው ከተሰማ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ነው፤ መቼ እንደጀመረ ማንም አያውቅም። የግርሻ ታማሚ ላይ ግን ሐኪሙ ራሱ ሰዓቱን ያስጀምረዋል። ፔኒሲሊኑን ወጋ፣ ሰዓቱን አየ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከኡኡታው በፊት መስጠት ይችላል። ሀብታሙ ዓለም ይህ በሽታ ስለጠፋለት ይህን ሰዓትም አጥቷል። እኛ ያልጠፋልን በድህነታችን ነው። ሳይንሱ የተመቸው ያ ድህነት ነው።

እዚህ ላይ «ነጮቹ ሞከሩብን» የሚል አስተያየት ሲመጣ ይታየኛል። ቆም እንበል። ጥናቱ የተደረገው ታማሚዎቹን እየገደለ ባለው በራሳቸው በሽታ ላይ ነው፣ ፔኒሲሊን የተከለከለ ሰው የለም፣ ጥናቱንም ከፊት ሆነው የመሩት የኛው ሐኪሞች ናቸው። ይህን እንደ ግፍ ማውራት ሥራቸውን መስረቅ ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሆነው።

ቲኤንኤፍን የሚያፍኑ መድኃኒቶች በደም መመረዝ ሲከሽፉ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ለንደን ውስጥ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው፤ ኡኡታው ለዓመታት በማያቋርጥባቸው ሰዎች ላይ እንሞክረው አሉ። የመገጣጠሚያ ቁጣ፣ ሪህ መሰሉ ሩማቶይድ አርትራይተስ። በ1992 ጀመሩ፣ እጃቸውን መዘርጋት ያቃታቸው ሰዎች በሳምንታት ውስጥ ተሻላቸው። በ1998 የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ለገበያ ተፈቀዱ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ሁሚራ የተባለው ለዓመታት የዓለም ቁጥር አንድ ተሸጭ መድኃኒት ሆነ፤ በ2021 እና በ2022 በየዓመቱ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ሚሊዮኖችን ከሥቃይ ያወጣ መድኃኒት ነው፤ ይገባዋል። ነገር ግን የቲኤንኤፍ ታሪክ ሲተረክ ኒውዮርክ ይነሳል፣ ለንደን ይነሳል፣ አይጡና ጥንቸሉ ይነሳል። እነዚያ 49 ሰዎች ሲነሱ ሰምቼ አላውቅም። የውጭውስ ይሁን፤ እኛ ራሳችን አናነሳቸውም።

መድኃኒቱ ደግሞ ለኛ አገር ሌላ ጣጣ አለው። ቲኤንኤፍ በሳንባ ውስጥ የተደበቀ የቲቢ ተህዋስን አጥሮ የሚይዘውን የሕዋሳት ግንብ ያቆማል። መልእክቱን ስታፍን ግንቡ ይፈርሳል። በ2001 ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የተነሳባቸው 70 ሰዎች በአንድ ዘገባ ቀረቡ፤ ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ ሆነ። ድብቅ ቲቢ በብዙ ሰው ሳንባ ውስጥ ባለበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ጠላት የሆነብን መልእክት በሌላ ክፍል ዘበኛችን ነው።

ኮቪድ ሲመጣ ሰዓቱ እንደገና ፈረደ። በሰኔ 2020 ሪከቨሪ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ዴክሳሜታዞን የሚባለው ርካሽ ስቴሮይድ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉ ታማሚዎች መካከል የሚሞተውን በሲሶ እንደሚቀንስ አሳየ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን አልጠቀመም። በግርሻ ላይ ያልሠራው የስቴሮይድ ቤተሰብ እዚህ ሠራ፤ በኮቪድ ኡኡታው ለቀናት ስለሚቆይ ለመድኃኒቱ ጊዜ አለው። በቀጣዩ ዓመት የኢንተርሉኪን 6 ተቀባይን የሚዘጋው ቶሲሊዙማብም እንደሚጠቅም ታየ። ያኛው ግን ለኛ ኪስ አይደለም።

ግርሻውስ? በ2015 ባሕር አቋርጠው አውሮፓ በደረሱ የአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች ላይ፣ ኔዘርላንድስ፣ ጀርመንና ጣሊያን ውስጥ ተገኘ። ለአሥርት ዓመታት በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቅ በሽታ በድንገት የድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆመ። በ2016 ከሐምሌ እስከ ኅዳር ድረስ ደግሞ እዚሁ አርሲ ውስጥ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሳ፤ ከከተማ ነዋሪዎች መካከል። ለግርሻ በየትኛውም አገር ቲኤንኤፍ የሚያፍን መድኃኒት እንደ መደበኛ ሕክምና አይሰጥም። ሕክምናው ያው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ነው፤ ከዚያ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽና ለሰዓታት ከአልጋው አጠገብ የማትለይ ነርስ። በዋጋ ከታየ ትክክል ነው። በጥቂት ብር የሚድን በሽታ ላይ የብዙ ሺህ ዶላር መርፌ የሚያወጣ የለም። ከሁሉም የሚረክሰው ደግሞ የፈላ ውኃና ቅያሪ ልብስ ነው፤ የልብስ ቅማል ሁለቱንም አይችልም።

ያቺ ነርስ ግን አሁንም ወሳኝ ናት። ክረምት ሲገባ፣ ጎዳና ላይ ከሚያድሩት፣ ተደራርበው ከሚተኙት የቀን ሠራተኞች መካከል አንዱ በትኩሳት ነዶ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ መርፌውን ወግቶ «በል ሂድ» ማለት ወደ ሞት መሸኘት ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራው ሰዓት ገና ይመጣል። አብሮት የመጣ ጓደኛ ካለ «በሁለት ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ አትደንግጡ፣ ይዛችሁት አትውጡ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው» መባል አለበት። ይህን ለመናገር የሚያስፈልገው እውቀት ከለንደንም ከኒውዮርክም የሚመጣ አይደለም። እዚሁ፣ በኛው ሐኪሞች፣ በኛው ታማሚዎች ደም ላይ በደቂቃ በደቂቃ ተለክቶ ተጽፏል።